ስለ ቤሪንጊያ፤ እስያንና አሜሪካን ስላገናኘው የጥንት ምድር

የዓለምን ካርታ ዘርግቶ የሚመለከት ተማሪ፥ ክፍለ ዓለማት በባሕር ተለያይተው እያንዳንዱ በየስፍራው እንደ ተቀመጠ ያያል። ይልቁንም አሜሪካ በምሥራቅ በአትላንቲክ ውቅያኖስ፥ በምዕራብ በፓስፊክ ውቅያኖስ ተከባ ከሌላው ዓለም ፈጽማ የተለየች ትመስላለች። ከአውሮፓ የተነሡ መርከበኞች ከ1492 ጀምሮ ወደዚያ በደረሱ ጊዜ ግን ምድሪቱን ባዶ ሆና አላገኟትም። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከተው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ከሰሜኑ የበረዶ አገር ጀምሮ እስከ ደቡቡ ጫፍ ድረስ፥ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ፥ በቆሎና ድንች የሚያለሙ፥ ታላላቅ ከተሞችን የሠሩ ሕዝቦች ሰፍረውባት ነበር። በዱሯም ተኵላና ቀበሮ፥ ድብና አጋዘን ይመላለሱባት ነበር።

እነዚህ ሁሉ በምን መንገድ ገቡ? ሰውስ በታንኳ ገባ ይባል፤ ተኵላንና ድብን ማን በመርከብ ጭኖ ያመጣል?

ይህን ጥያቄ በጥልቅ ከመረመሩት ሰዎች አንዱ፥ በፔሩና በሜክሲኮ ብዙ ዓመት የኖረው የእስፓኛ ቄስ ሆሴ ዴ አኮስታ ነው። እርሱም በ1590 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ጐጂ አራዊትን ወድዶና ደክሞ በመርከብ የሚያጓጕዝ ሰው እንደማይገኝ አመለከተ፤ ስለዚህም አሜሪካ በአንድ ስፍራ ከሌላው ዓለም ጋራ የተገናኘች ወይም እጅግ የተቀራረበች መሆን አለባት ብሎ ጻፈ። በዚያን ጊዜ ያ ስፍራ በአውሮፓውያን ካርታ ላይ ገና በትክክል አልተሣለም ነበር። አኮስታ በዐይኑ ሳያይ በአሳቡ የደረሰበት ነገር፥ ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ በምርመራ ተረጋገጠ።

1. የቤሪንግ ሰርጥ

በሁለት ምድር መካከል የሚያልፍ ጠባብ ባሕር ሰርጥ ይባላል። የእስያ የሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ሲቤሪያና የአሜሪካ የሰሜን ምዕራብ ጫፍ አላስካ የሚቀራረቡበት ባሕር የቤሪንግ ሰርጥ ተብሏል። የሩሲያ ሰው የሆነው ሴምዮን ዴዥኔቭ በ1648 በዚያ በኩል በመርከብ አልፎ ነበር። ሰርጡ የተጠራው ግን በሩሲያ መንግሥት አገልግሎት በነበረው በዴንማርካዊው መርከበኛ በቪቱስ ቤሪንግ ስም ነው። ቤሪንግ በ1728 በሰርጡ ሲያልፍ ጉም ስለ ጋረደው፥ የአሜሪካን ዳርቻ ሳያይ ተመልሷል።

ሰርጡ በጠበበበት ስፍራ ወርዱ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመካከሉም ዲዮሜድ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ደሴቶች አሉ። ትልቁ ደሴት የሩሲያ፥ ትንሹ የአሜሪካ ነው፤ አንዱ ከሌላው የሚርቀውም 4 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ሆኖም ከወርዱ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የባሕሩ ጥልቀት ነው። ታላቁ ውቅያኖስ በአማካይ ከ3,600 ሜትር በላይ ሲጠልቅ፥ የቤሪንግ ሰርጥ ግን ከ30 እስከ 50 ሜትር ብቻ ይጠልቃል። ይህም ከረዣዥም ባሕር ዛፍ ቁመት እምብዛም የማይበልጥ ነው። እንግዲህ ይህ ስፍራ እውነተኛ የውቅያኖስ ጕድጓድ ሳይሆን፥ ውሃ የተኛበት ሰፊ ሜዳ ነው ማለት ይቻላል። የባሕር ውሃ በጥቂቱ ቢጐድል ሜዳው ይገለጣል፤ ሁለቱም ክፍለ ዓለማት አንድ ምድር ይሆናሉ።

2. ባሕር በምን ምክንያት ይጐድላል?

ይህን ነገር በትምህርት ቤት በቀላሉ መረዳት ይቻላል። አንድ ሰፊ ገበቴ ተወስዶ በሁለቱ ዳር ሁለት የጭቃ ጉብታ ይሠራበት፤ በጉብታዎቹም መካከል ዝቅ ያለ የጭቃ መደብ ይደረግ። ከዚህ በኋላ መደቡ በጥቂቱ እስኪሸፈን ድረስ ውሃ ይፍሰስበት። በዚህ ጊዜ ጉብታዎቹ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ሁለት ደሴቶች ይመስላሉ። ቀጥሎም ውሃው በጣሳ እየተቀዳ ወደ ማሰሮ ይገልበጥ። ውሃው ጐደል ባለ ጊዜ መደቡ ብቅ ይላል፤ ጕንዳን እንኳ እግሩ ሳይረጥብ ከአንዱ ጉብታ ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላል። የማሰሮው ውሃ ወደ ገበቴው ቢመለስ ግን መንገዱ እንደ ገና ይሰጥማል።

በዚህ ምሳሌ ገበቴው ባሕር ነው፤ ማሰሮውም በየብስ ላይ የተከመረው በረዶ ነው። ውሃው አልጠፋም፤ ስፍራውን ብቻ ለወጠ።

የዝናብ ውሃ የሚመጣው ከባሕር እንደ ሆነ የታወቀ ነው። የፀሐይ ሙቀት የባሕርን ውሃ ወደ እንፋሎት ይለውጠዋል፤ እንፋሎቱም ደመና ሆኖ በየብስ ላይ ይዘንባል፤ ወንዞችም ውሃውን ወደ ባሕር ይመልሱታል። እንዲህ ሲሆን የሚወጣውና የሚገባው ስለሚተካከል የባሕር ከፍታ አይለወጥም። በብርድ አገር ግን ዝናቡ አመዳይ ሆኖ ይወርዳል። አመዳዩም በበጋ ሳይቀልጥ ከቀረ፥ የሚመጣው ዓመት አመዳይ በላዩ ይከመርበታል፤ ከብዛቱና ከክብደቱም የተነሣ ጠንክሮ ግግር በረዶ ይሆናል። ባሕሩም ያበደረው ውሃ ሳይመለስለት ይቀራል።

እንዲህ ያለ ዘመን በምድር ላይ ብዙ ጊዜ ተፈራርቋል። የሰርቢያው ሊቅ ሚሉቲን ሚላንኮቪች በ1941 ባሳተመው መጽሐፍ ምክንያቱን አስልቶ አሳይቷል። ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት መንገድና የዘንግዋ ዝንባሌ በብዙ ሺህ ዓመት ውስጥ ቀስ እያለ ይለወጣል። በዚህም የተነሣ የሰሜኑ ክፍል በበጋው ወራት የሚያገኘው የፀሐይ ሙቀት አንዳንድ ጊዜ ያንሳል። በጋው አመዳዩን ለማቅለጥ ኃይል ባነሰው ጊዜ በረዶው ማደግ ይጀምራል።

የመጨረሻው የበረዶ ዘመን እጅግ የበረታው ከዛሬ 26,000 ዓመት በፊት ጀምሮ እስከ 19,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ነበር። በዚያን ጊዜ ዛሬ ካናዳ የሚባለው አገር ሁሉ ማለት ይቻላል በግግር በረዶ ተሸፍኖ ነበር፤ የአውሮፓም ሰሜናዊ ክፍል እንደዚሁ። የበረዶው ውፍረት በአንዳንድ ስፍራ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ይህ ሁሉ ውሃ ከባሕር የተወሰደ ስለ ሆነ፥ የዓለም ባሕር ዛሬ ካለበት ከፍታ ከ120 እስከ 130 ሜትር ያህል ዝቅ አለ።

የዚያ ዘመን ብርድና ድርቅ ወደ ኢትዮጵያም ደርሷል። በበረዶው ዘመን በስሜንና በባሌ ተራሮች ጫፍ ላይ ግግር በረዶ እንደ ነበረ፥ በረዶው እየገፋ የተዋቸው የድንጋይ ክምሮች ይመሰክራሉ። የጣና ሐይቅም ከዛሬ 17,000 ዓመት በፊት ገደማ ደርቆ እንደ ነበር፥ ከሐይቁ ወለል ተቈፍሮ የወጣው ደለል አስረድቷል። ስለዚህ የባሕሩ መጕደል የአንድ አገር ነገር አልነበረም፤ የዓለም ሁሉ ነገር ነበር።

3. ቤሪንጊያ ምን ዓይነት አገር ነበረች?

ባሕሩ ከ120 ሜትር በላይ ዝቅ ባለ ጊዜ፥ 50 ሜትር ብቻ የሚጠልቀው የቤሪንግ ሰርጥ ፈጽሞ ደረቀ። የሰርጡ ወለል ብቻ ሳይሆን በሰሜንና በደቡብ ያለው ጥልቀት የሌለው ባሕር ሁሉ ሜዳ ሆነ። የስዊድን የዕፀዋት ሊቅ ኤሪክ ሁልቴን በ1937 ይህን የጠፋ ምድር ቤሪንጊያ ብሎ ሰየመው።

ብዙ ሰዎች የየብስ ድልድይ ሲባል ሲሰሙ፥ በወንዝ ላይ እንደሚሠራው ጠባብ ድልድይ ያለ ነገር ይመስላቸዋል። ቤሪንጊያ ግን እንዲህ አልነበረችም። ከሰሜን እስከ ደቡብ ያለው ስፋትዋ እስከ 1,600 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር፤ ይህም ኢትዮጵያ ከሰሜን እስከ ደቡብ ካላት ርዝመት ይበልጣል። በመካከልዋ የቆመ ሰው ባሕር በየት በኩል እንዳለ አያውቅም ነበር። በእርስዋም የኖሩት እንስሳትና ሰዎች ወደ ሌላ ክፍለ ዓለም መሻገራቸውን አላወቁም፤ ግጦሽና አደን ተከትለው በአገራቸው ውስጥ የሄዱ ብቻ ነበር የሚመስላቸው።

የሚያስደንቀው ሌላው ነገር፥ በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ያለች ይህች ምድር አብዛኛው ክፍልዋ በግግር በረዶ አለመሸፈንዋ ነው። ምክንያቱም ብርድ ብቻውን ግግር በረዶን ስለማይፈጥር ነው፤ ብዙ አመዳይም ያስፈልጋል። በቤሪንጊያ ደግሞ አየሩ ደረቅ ስለ ነበረ የሚወርደው አመዳይ ጥቂት ነበር። ስለዚህም በምድሪቱ ላይ ሣርና ቍጥቋጦ፥ እንዲሁም የጭቍኝና የአሪቲ ወገን የሆኑ ቅጠላ ቅጠሎች ይበቅሉ ነበር። በዚያም ላይ ጠጕራሙ የጥንት ዝሆን ማሞት፥ የዱር ፈረስ፥ ባይሰን የሚባለው ጐሽ መሰል አውሬ በመንጋ ይሰማሩ ነበር፤ አንበሳና ተኵላም ይከተሏቸው ነበር።

ይህ ሁሉ በምን ታወቀ? መጀመሪያ መርከበኞች የባሕሩን ጥልቀት ለክተው ወለሉ ደልዳላ ሜዳ መሆኑን ዐወቁ። ቀጥሎም የምድርን አፈጣጠር የሚመረምሩ ሊቃውንት ረዥም ቱቦ ወደ ባሕሩ ወለል እየሰደዱ አፈር አወጡ። በአፈሩም ውስጥ በጣፋጭ ውሃ ረግረግ እንጂ በባሕር የማይበቅል የበሰበሰ ሣር፥ የየብስ ዕፀዋት የአበባ ብናኝና የየብስ ትንንሽ ነፍሳት ክንፍ አገኙ። የአበባ ብናኝ እጅግ ደቃቅ ቢሆንም በጭቃ ውስጥ ብዙ ሺህ ዓመት ሳይበሰብስ ይቈያል፤ የእያንዳንዱም ተክል ብናኝ መልኩ የተለየ ስለ ሆነ፥ በአጕሊ መነጽር ሲታይ ምን ዓይነት ተክል በዚያ እንደ በቀለ ያስታውቃል። ዕድሜያቸውን በዚህ ምርመራ ከፈጸሙት ሊቃውንት አንዱ አሜሪካዊው ዴቪድ ሆፕኪንስ ነው፤ በ1967 ስለ ቤሪንግ የየብስ ድልድይ የታወቀውን የብዙ ሊቃውንት ጽሑፍ ሰብስቦ በመጽሐፍ አሳትሟል።

4. የፈረስና የግመል ጕዞ

የቤሪንግ ድልድይ አንድ ጊዜ ብቻ ተከፍቶ የተዘጋ አይደለም። ከበረዶው ዘመናት በፊት ሁለቱ ክፍለ ዓለማት በዚያ ስፍራ ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ተያይዘው ነበር፤ በኋላም በበረዶው ዘመናት ባሕሩ በጐደለ ቍጥር መንገዱ ይከፈት፥ በመላ ቍጥር ይዘጋ ነበር።

ዛሬ በኢትዮጵያ ቆላ ጭነት የሚሸከመው ግመል የጥንት ዘሩ ከዐረብ በረሓ የተገኘ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ከመሬት ተቈፍሮ የወጣው ዐጥንት የሚመሰክረው ሌላ ነው። የግመል ወገን የተገኘውና ከ40 ሚሊዮን ዓመት በላይ የኖረው በሰሜን አሜሪካ ነው። ከዚያም ከ6 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ከወገኖቹ አንዱ ክፍል በቤሪንግ በኩል ወደ እስያ ተሻገረ። ሌላው ክፍል ደግሞ፥ ሰሜን አሜሪካንና ደቡብ አሜሪካን የሚያገናኘው ቀጭኑ የፓናማ የብስ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ከባሕር ከወጣ በኋላ ወደ ደቡብ ወረደ። በፔሩና በቦሊቪያ ተራሮች ጭነት የሚጫነው ላማ የዚህ ዘር ነው፤ ሻኛ ባይኖረውም የግመል ዘመድ ነው።

የፈረስም ታሪክ ይህን ይመስላል። የፈረስ ወገን ከ50 ሚሊዮን ዓመት በላይ በሰሜን አሜሪካ አድጓል። ፈረስ፥ አህያና የሜዳ አህያ የተገኙበት ወገን በቤሪንግ በኩል ወደ እስያ የተሻገረው ከ2 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት ነው። ከእስያ ወደ አፍሪካ የሚያስገባው የየብስ መንገድ ደግሞ የሲና ምድር ነው፤ ይህ ድልድይ በባሕር አልተዋጠም፤ በ1869 የተከፈተው የስዌዝ ቦይ የሰው እጅ የቈረጠው ነው። ስለዚህ በአፋር በረሓ የሚገኘው የዱር አህያ፥ በደጋ የሚጋለበውም ፈረስ፥ የሁለቱም የሩቅ አያቶች አሜሪካን ለቀው በቤሪንጊያ ያለፉ ናቸው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ይበልጥ ያስደንቃል። በአሜሪካ የቀሩት ፈረሶችና ግመሎች የበረዶው ዘመን ባለቀበት ጊዜ፥ ከዛሬ 10,000 ዓመት በፊት ገደማ፥ ፈጽመው ጠፉ። በእስያ በኩል የተሻገሩት ግን ተረፉ፤ በሰው እጅም ለማዳ ሆኑ። ኮሎምቦስ በ1493 ለሁለተኛ ጊዜ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ፈረሶችን በመርከብ ጫነ፤ ኤርናን ኮርቴስም በ1519 ሜክሲኮን ለመውጋት 16 ፈረሶች ይዞ ወረደ። የአገሩም ሰዎች እንዲህ ያለ እንስሳ ከቶ አይተው ስለማያውቁ እጅግ ደነገጡ። ፈረሱ የገባው ግን ወደ ባዕድ አገር አልነበረም፤ አያቶቹ በእግራቸው ለቀው ወደ ወጡበት አገር በመርከብ ተመልሶ ነበር።

5. የሰው ጕዞ

የዛሬው ሰው ወገን መነሻው አፍሪካ ነው። በኢትዮጵያ በኦሞ ሸለቆ በ1967 የተገኘው የሰው ዐጥንት ቢያንስ የ230,000 ዓመት ዕድሜ እንዳለው በ2022 የወጣ ምርመራ አስረድቷል። ከአፍሪካ የወጡት ሰዎች ልጅ ልጆች በእስያ ተሰራጭተው፥ ከዛሬ 31,000 ዓመት በፊት ገደማ በሲቤሪያ ሰሜን በያና ወንዝ ዳር ሰፍረው እንደ ነበር፥ በዚያ የተገኙት የድንጋይና የዐጥንት መሣሪያዎቻቸው ያመለክታሉ። እነዚህ ሰዎች ቆዳ ሰፍተው መልበስን፥ እሳት ማንደድን፥ ታላላቅ አውሬ ማደንን የለመዱ ባይሆኑ ኖሮ፥ በዚያ ብርድ አንድ ዓመት እንኳ መቈየት ባልቻሉም ነበር።

ከእስያ የመጡት ሰዎች ቤሪንጊያን አልፈው አላስካ በደረሱ ጊዜ፥ የካናዳ ግግር በረዶ እንደ ግንብ ከፊታቸው ቆሞ ነበር። ወደ ደቡብ የሚያወርዱ ሁለት መንገዶች ነበሩ። አንደኛው በፓስፊክ ባሕር ዳር፥ በእግርና በታንኳ እየተረዱ፥ ዓሣና የባሕር እንስሳ እየተመገቡ የሚሄዱበት ነው። ሁለተኛው፥ ከዛሬ 14,000 ዓመት በፊት ገደማ በረዶው በመካከሉ ሲከፈል የተገኘው የየብስ መተላለፊያ ነው። በአሜሪካ በኒው ሜክሲኮ አገር በዋይት ሳንድስ የተገኘው የሰው እግር ዱካ ከ21,000 እስከ 23,000 ዓመት የሚደርስ ዕድሜ እንዳለው በ2021 ተገልጿል። ይህ እውነት ከሆነ ሰው ወደ ደቡብ የወረደው የየብሱ መተላለፊያ ገና ሳይከፈት ነው። ከዱካዎቹም ውስጥ የልጆች ዱካ ብዙ ነው።

የነዚህም ሰዎች ዘር ከየት እንደ መጣ በሌላ መንገድ ተመርምሯል። በእያንዳንዱ ሰው ሰውነት ውስጥ ከአባትና ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የዘር ጽሕፈት አለ፤ ሊቃውንት ዲ.ኤን.ኤ. ይሉታል። በአላስካ መካከል ከ11,500 ዓመት በፊት የተቀበረች የአንዲት ሕፃን ዐጥንት ተገኝቶ የዘር ጽሕፈትዋ ተነበበ፤ ውጤቱም በ2018 ታተመ። ሕፃንዋ ከእስያ መጥቶ የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች ካስገኘው ወገን መሆንዋ ታወቀ። እንግዲህ አኮስታ የጠየቀው ጥያቄ፥ ከ400 ዓመት በላይ ቈይቶ፥ አፈር ውስጥ በተኛች በአንዲት ሕፃን ዐጥንት ምስክርነት ጭምር ተመለሰ።

6. ባሕሩ የተመለሰበት ጊዜ

ከ19,000 ዓመት በፊት ወዲህ ምድር ቀስ በቀስ መሞቅ ጀመረች። ግግር በረዶው ቀለጠ፤ ወንዞችም የተበደረውን ውሃ ወደ ባሕር መለሱ። ባሕሩ በቤሪንጊያ ቈላማ ስፍራ መግባት ጀመረ፤ ከዛሬ 11,000 ዓመት በፊት ገደማም ሁለቱ ክፍለ ዓለማት ፈጽመው ተለያዩ። ከፍ ያሉት ተራሮች ብቻ ደሴቶች ሆነው ቀሩ።

በነዚህ ደሴቶች ላይ የማሞት መንጋዎች ተከበው ቀሩ። በአላስካ ምዕራብ ባለችው በቅዱስ ጳውሎስ ደሴት የነበሩት ማሞቶች፥ በዋናው ምድር ያሉት ከጠፉ በኋላ ብዙ ሺህ ዓመት ኖሩ። ነገር ግን ባሕሩ ከፍ ባለ ቍጥር ደሴቲቱ እየጠበበች፥ አየሩም እየደረቀ ሄደ፤ የሚጠጣ ውሃ የሚገኝባቸው ጥቂት ሐይቆች ጐደሉ። እንስሶቹም በቀረው ሐይቅ ዙሪያ ተሰብስበው ሣሩን ረግጠው ስላጠፉት፥ አፈሩ ታጥቦ ወደ ውሃው ገባ፤ ውሃውም ደፈረሰ። ከዛሬ 5,600 ዓመት በፊት ገደማ በጥም አለቁ። ከሲቤሪያ ሰሜን ባለችው በቭራንጌል ደሴት የነበሩት ማሞቶች ግን እስከ 4,000 ዓመት በፊት ቈዩ፤ ይህም በግብፅ ታላላቆቹ ፒራሚዶች ከተሠሩ በኋላ ነው። በኵሬ ዳር ከብት የሚጠብቅ ልጅ ይህን ነገር ሳይነገረው ሊረዳው ይችላል፤ ውሃው ሲያንስና ከብቱ ሲበዛ ኵሬው ምን እንደሚሆን በዐይኑ ያየዋልና።

7. ሁሉ ሰርጥ ድልድይ አልነበረም

የባሕር መጕደል ብዙ አገሮችን አገናኝቷል። እንግሊዝ ዛሬ ደሴት ናት፤ ነገር ግን እስከ 8,000 ዓመት በፊት ገደማ ከአውሮፓ ጋራ በየብስ የተያያዘች ነበረች። በ1931 በሰሜን ባሕር ዓሣ የሚያጠምድ መርከብ ከባሕሩ ወለል ጥቁር አፈር በመረቡ አወጣ፤ በአፈሩም ውስጥ ከአጋዘን ቀንድ የተሠራ ጥርስ ያለው የአዳኝ ጦር ተገኘ። ዛሬ ዓሣ የሚጠመድበት ስፍራ ያን ጊዜ አውሬ የሚታደንበት ሜዳ ነበር።

ነገር ግን ሁለት ምድሮች ስለ ተቀራረቡ ብቻ የተገናኙ ነበሩ ማለት አይገባም፤ ፍርዱን የሚሰጠው ጥልቀቱ ነው። በኢንዶኔዢያ የባሊና የሎምቦክ ደሴቶች የሚራራቁት 35 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፥ በመካከላቸው ያለው ባሕር እጅግ ጥልቅ ስለ ሆነ በበረዶው ዘመን እንኳ አልደረቀም። እንግሊዛዊው ሊቅ አልፍሬድ ዋላስ በ19ኛው መቶ ዓመት በዚያ ሲዘዋወር፥ በአንዱ ወገን የእስያ፥ በሌላው ወገን የአውስትራሊያ ወገን የሆኑ አዕዋፍና እንስሳት መኖራቸውን አስተዋለ። ስለዚህም የአውስትራሊያ የመጀመሪያ ሰዎች ወደ አገራቸው የደረሱት በእግር ሳይሆን በታንኳ ነው።

ለኢትዮጵያ ቅርብ የሆነው የባብ ኤል መንደብ ሰርጥም እንዲሁ ነው። ወርዱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከቤሪንግ ሰርጥ ይጠብባል። ነገር ግን ቀይ ባሕርን ከውጭው ባሕር የሚለየው የወለል ደፍ፥ በሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ 137 ሜትር ይጠልቃል። ባሕሩ እስከ 130 ሜትር በጐደለበት ጊዜም መተላለፊያው እጅግ ጠበበ እንጂ አልተዘጋም። እነሆ፥ የሰፋው የቤሪንግ ሰርጥ መንገድ ሲሆን፥ የጠበበው የባብ ኤል መንደብ ሰርጥ ውሃ ሆኖ ቀረ። ካርታ የሚያሳየው ወርድን ነው፤ እውነቱን ለማወቅ ግን ጥልቀትንም መለካት ያስፈልጋል።

8. ከዚህ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

የቤሪንጊያ ታሪክ ያለፈ ነገር ብቻ አይደለም። የማሰሮው ውሃ ሁሉ ገና ወደ ገበቴው አልተመለሰም። በግሪንላንድ ላይ ያለው ግግር በረዶ በሙሉ ቢቀልጥ የዓለም ባሕር በ7 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ በደቡብ ዋልታ በአንታርክቲካ ያለው ደግሞ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ይህን የመሰለ መቅለጥ ብዙ መቶ ወይም ብዙ ሺህ ዓመት የሚፈጅ ነው፤ ቢሆንም መጀመሪያው ዛሬ ይታያል። ሰው የሚያነድደው የድንጋይ ከሰልና የነዳጅ ዘይት ጢስ አየሩን ስላሞቀው፥ ከ1901 እስከ 2018 ድረስ የባሕር ከፍታ በ20 ሴንቲ ሜትር ያህል ጨምሯል።

የቤሪንጊያ ሰዎች ባሕሩ በመጣባቸው ጊዜ ድንኳናቸውን ነቅለው ወደ ደጋው ወጡ፤ የሚለቁት ከተማ፥ የሚተዉት ወደብ አልነበራቸውም። የዛሬ ሰው ግን በባሕር ዳር ታላላቅ ከተሞችን ሠርቷል፤ እርሻውንም በቈላው አስፍቷል። ስለዚህ የባሕርን መጕደልና መሙላት ማወቅ ለሊቃውንት ብቻ የተተወ ነገር ሊሆን አይገባም።

ሌላው ትምህርት ስለ ሰው ነው። በካርታ ላይ ሲታይ በኦሞ ዳር የሚኖር ሰውና በፔሩ ተራራ ላይ ላማውን የሚነዳ ሰው በሁለት ውቅያኖስ የተለያዩ ናቸው። ዐጥንቱ፥ የእግሩ ዱካና የዘር ጽሕፈቱ ሲመረመር ግን ሁለቱም ከአንድ ቤት የወጡ ወንድማማቾች ናቸው። አያቶቻቸው የተለያዩት ከመንገድ ላይ ነው፤ መንገዱም ዛሬ 50 ሜትር በማይሞላ ውሃ ሥር ተኝቷል።